የናፍጣ ደረሰኝ፦ በዳርሊንግ ወንዝ ዳር የሚፈጸም የወንጀል ልብ ወለድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም

የጀመርኩት ሥራ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በዳርሊንግ ወንዝ ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከሩቅ የተላከች መርማሪ ሳጅን የአንድ ሠራተኛን አሟሟት ለማጣራት ትመጣና፣ የከተማዋ ምክር ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያውና ትልልቆቹ የእርሻ ባለቤቶች በጥቅም የተሳሰሩ መሆናቸውን ቀስ በቀስ ትደርስበታለች። ለከተማዋ ስም አልሰጠኋትም። በካርታ ላይ ያለች ከተማ ብጠቅስ በዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆንብኛል፤ የፈጠራ ስም ብሰጣት ደግሞ በዙሪያዋ ከሚጠሩት እውነተኛ ስሞች፣ ከብሮከን ሂል፣ ከሜኒንዲና ከዊልካኒያ ጎን ስትቆም ፈጠራነቷ ያስታውቃል። ገጸ ባሕርያቱ «ከተማዋ» ብቻ ይሏታል። ዓመተ ምሕረቶቹን በዚህ ማስታወሻ ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ሙስናው በምን ላይ እንደሚያጠነጥን መምረጥ ነበር። ትንሽ ከተማና አንድ መርማሪ የሚጋጩባቸው ታሪኮች የሚያዘወትሯቸው ጉዳዮች አደንዛዥ ዕፅ፣ የከብት ስርቆት፣ የኦፓል ማዕድንና የመሬት ሽያጭ ናቸው። ሁሉንም ያስቀረኋቸው ነቅሎ ሌላ አገር ላይ መትከል ስለሚቻል ነው። የውኃ ስርቆት ግን የዚህ ምድር የራሱ ወንጀል ነው። የመሪ-ዳርሊንግ ተፋሰስ ከ1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ስፋቱ ከኢትዮጵያ ብዙም አያንስም ማለት ነው። በዚህ ተፋሰስ ውስጥ የውኃ መብት ከመሬት ይዞታ ተለይቶ እንደ አክሲዮን ይሸጣል፣ ይለወጣል። ወንዙ በደጁ የሚያልፍ ሰው ከወንዙ ለመስኖ የመቅዳት መብት ላይኖረው ይችላል፤ ወንዙን አይቶት የማያውቅ ባለሀብት ደግሞ የብዙ ሚሊዮን ሊትር ባለቤት ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2017 የአውስትራሊያ የሕዝብ ማሠራጫ የሆነው የኤቢሲ ቴሌቪዥን የምርመራ ዝግጅት በባርወን-ዳርሊንግ ወንዝ (ዳርሊንግ ከላይኛው ክፍሉ ከባርወን ጋር በአንድነት ሲጠራ) ላይ ከሕግ ውጭ ውኃ እንደሚቀዳና ተቆጣጣሪዎቹም አይተው እንዳላዩ እንደሚያልፉ ካጋለጠ በኋላ፣ ግዛቱ አጣሪ ሾመ፤ በ2018 ደግሞ ራሱን የቻለ የተፈጥሮ ሀብት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። የእኔ ታሪክ የሚፈጸመው መሥሪያ ቤቱ ከተቋቋመ በኋላ ነው፤ ሁሉም ሰው «ያ ድሮ ቀረ» በሚልበት ጊዜ።

ጥቅምት

ይህን ወር የፈጀሁት ስርቆቱ በተግባር እንዴት እንደሚፈጸም በመንደፍ ነው። አንባቢ መርማሪዋን የሚያምናት እርሷ የምታየውን ማስረጃ እርሱም መመዘን ሲችል ነውና፣ የፓምፑን ነገር በደፈናው ማለፍ አልፈለግሁም።

በባርወን-ዳርሊንግ ላይ ያሉት የመስኖ ፈቃዶች በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ በተወሰነ የመለኪያ ጣቢያ ላይ የወንዙ ፍሰት ከተቀመጠለት መጠን ሲያልፍ ብቻ ፓምፕ ማስነሣት ይፈቅዳል፤ ፍሰቱ ከዚያ በታች ከወረደ ፓምፑ መቆም አለበት። ውኃው የሚቀዳው በቀጥታ ወደ ጥጥ ማሳው ሳይሆን በእርሻው ላይ በአፈር ግድብ ወደ ተከበበ ሰፊ የማጠራቀሚያ ኩሬ ነው። ስለዚህ ሌብነቱ የሚፈጸመው በሁለት መንገድ ነው፦ አንደኛው ቆጣሪውን ማበላሸት ወይም ጭራሹን አለማስገጠም፣ ሁለተኛው ወንዙ ዝቅ ብሎ ሳለ ፓምፑን ማስነሣት። ለልብ ወለዱ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው። የተሰበረ ቆጣሪ ወንጀሉን በአንድ እይታ ያጋልጣል፤ በትክክል የሚሠራ ቆጣሪ ያለው ሌባ ግን የተቀዳውን መጠን ሳይደብቅ የተቀዳበትን ቀን ብቻ ያዛባል። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ ቀኑ ነው ሐሰተኛው። ሥራ አስኪያጁ በየጊዜው የሚያስገባው በእጅ የተሞላ ቅጽ ለዚህ ይመቸዋል።

ሟቹን የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎችን የሚጠግንና የሚያስተካክል ቴክኒሻን አድርጌዋለሁ። የጣቢያዎቹ ንባብ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው የላይኛውን ጣቢያ ፍሰት ከታችኛው ጋር ማነጻጸር ይችላል። መርማሪዋም ታነጻጽራለች፤ በሁለቱ መካከል ውኃ ጎድሏል። እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች ታሪክ ይጠናቀቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በእውነቱ ግን ይህ ማስረጃ ብቻውን በፍርድ ቤት አይቆምም። ወንዙ የሚጓዝበት ምድር ጠፍጣፋና ሐሩር ነው፤ ውኃው ይተናል፣ ወደ አሸዋው ይሰርጋል፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ለመድረስም ቀናት ይፈጅበታል። የተከሳሽ ጠበቃ «ፀሐይ ጠጣችው» ቢል የሚያስተባብለው ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር አስፈለገኝ፤ እርሱም የሳተላይት ምስል ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ተጣምረው ሲሠሩ አንዱን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሡታል፤ በዚያ ደመና በማይበዛበት ምድር ደግሞ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በመጀመሪያው ምስል ኩሬው ባዶ ነው፤ በቀጣዩ ሞልቷል፤ በመካከሉ ዝናብ እንዳልነበረ የሜትዎሮሎጂ መዝገቡ ያሳያል። ይህም ሆኖ ኩሬው መሙላቱን እንጂ ከየት እንደሞላ አይናገርም። ባለቤቱ «ከሌላ ኩሬዬ አሻገርኩት» ይላል፤ ሌላ ኩሬም በእርግጥ አለው።

ሦስተኛው ምስክር፣ የመጽሐፉም ዋና ማስረጃ የሆነው፣ የናፍጣ ደረሰኝ ነው። በወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ፓምፕ የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነው፤ ነዳጁን የሚያመጣው ቦቴ ደግሞ የከተማዋ ብቸኛ አከፋፋይ ንብረት ነው። ፓምፑ ቆሞ ነበር በተባለባቸው ቀናት በወንዙ ዳር ያለው ታንከር ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። አከፋፋዩ ስለ ውኃ ሕግ ግድ የለውም፤ የሸጠውን ጽፎ ያስቀምጣል፣ ግብሩንም በዚያው ሰነድ ይከፍላል። ሁሉም ሰው የውኃውን ወረቀት ሲያስተካክል የናፍጣውን ወረቀት ማንም አላስታወሰውም። ይህን ሳገኝ መጽሐፉ የሚጻፍ እንደሆነ ተረዳሁ።

ኅዳር

መርማሪዋ ከማን ጋር ነው የምትጋጨው? መጀመሪያ የነደፍኩት አንድ ክፉ ባለሀብትና አንድ ጉቦኛ ፖሊስ ነበር፤ ይህ ሥራውን ቢያቀልም ልብ ወለዱን ያቀጭጨዋል። ስለዚህ በአውስትራሊያ የተካሄዱትን ትልልቅ የሙስና ምርመራዎች ታሪክ እንደ ገና ወደ ማንበብ ተመለስኩ።

በክዊንስላንድ ከ1987 እስከ 1989 የተካሄደው የፊትዝጄራልድ ምርመራ የግዛቱን ፖሊስ ኮሚሽነር ቴሪ ሉዊስን ከሥልጣን አውርዶ ለእስር ዳርጓል፤ በ1991 የ14 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ1997 ሪፖርቱን ያጠናቀቀው የዉድ ሮያል ኮሚሽን (መንግሥት የሚሾመው ከፍተኛ አጣሪ አካል) ትሬቨር ሄከን የተባለውን መርማሪ ፖሊስ ወደ ምስክርነት መልሶ፣ በመኪናው ውስጥ በተደበቀ ካሜራ የሥራ ባልደረቦቹን ጉቦ ሲቀበሉ ቀርጿቸዋል። ከእነዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘቡ በኤንቨሎፕ የሚተላለፈው በትልቅ ከተማ ነው። ጥቂት መቶ ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ ኤንቨሎፕ አያስፈልግም። የጣቢያው ሳጅን የሚኖረው ከጣቢያው ጋር በተያያዘው የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው፤ ሚስቱ የጥጥ እርሻውን ሒሳብ ትይዛለች፤ ልጁ የሚጫወትበትን የእግር ኳስ ቡድን መለያ የሚገዛው እርሻው ነው። ይህ ሰው ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። የሚያጣራውን ነገር በአንድ ሳምንት ያዘገየዋል፤ ያ ብቻ ይበቃል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ገጸ ባሕርይ እርሱ ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር የሥልጣን ወሰን ነው። የውኃው ጥሰት ጉዳይ የተፈጥሮ ሀብት ተቆጣጣሪው ነው፤ የምክር ቤት አባላት ሙስና በ1988 በወጣ ሕግ ለተቋቋመው የፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርባል፤ የፖሊስ ጥፋት በ2017 ሥራ ለጀመረው የሕግ አስከባሪዎች ሥነ ምግባር ኮሚሽን ይመራል። ለመርማሪዋ የቀረላት የአስከሬኑ ጉዳይ ብቻ ነው። አንድ ነገር ባገኘች ቁጥር ሕጉ «ይህ የእገሌ ነው፣ አስረክቢ» ይላታል፤ ብታስረክብ ዱካው ይቋረጣል፣ ይዛው ብትቆይና ያለ ሥልጣኗ ብትበረብር ደግሞ በ1995 የወጣው የማስረጃ ሕግ ዳኛው ማስረጃውን ውድቅ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። እንግዲህ የሦስተኛው ክፍል ፍጥጫ ከሽጉጥ ይልቅ በዚህ ላይ ይቆማል፦ የናፍጣውን ደረሰኝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታስወጣዋለች ወይስ አከፋፋዩ በፈቃዱ ሲያሳያት ፎቶ ታነሣዋለች? በትእዛዝ ካስወጣችው ማመልከቻው በጣቢያው ሳጅን እጅ ያልፋል።

ታኅሣሥ

ወደ ቦታው ተጓዝኩ። ከሜልበርን ብሮከን ሂል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሚልዱራ በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ከአድማስ ጋር ይገናኛል። ከብሮከን ሂል ሜኒንዲ ወደ 110፣ ዊልካኒያ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። እነዚህን ርቀቶች የምመዘግበው ለጌጥ አይደለም፤ የማንኛውም ገጸ ባሕርይ እንቅስቃሴ በሰዓት ሲቆጠር ዋጋ አላቸው።

ለመጽሐፉ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አገኘሁ። የመጀመሪያው የመኪና ሬድዮ ነው። የስልክ መስመር በማይደርስበት መንገድ ሰዎች የሚገናኙት በክፍት የዩኤችኤፍ ሬድዮ ሲሆን፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በቻናል 40 ይነጋገራሉ። መስመሩ የሁሉም ነው፤ አንዱ ለሌላው «ነጯ የፖሊስ መኪና ድልድዩን አለፈች» ቢል መቶ ጆሮ ይሰማል። መርማሪዋን ማንም ሰው መሰለል አያስፈልገውም፤ የት እንዳለች አገሩ በሙሉ ያውቃል። ይህን በሁለተኛው ምዕራፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ በአሥራ ሰባተኛው እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛው መንገዱ ራሱ ነው። አስፋልት ያልለበሱት መንገዶች ጥቂት ዝናብ ሲጥል በሕግ ይዘጋሉ፤ በተዘጋ መንገድ የነዳ ሰው ይቀጣል፤ የመዝጋት ሥልጣኑ ደግሞ የአካባቢው ምክር ቤት ነው። በእኔ ታሪክ የምክር ቤቱ ሰዎች ተጠርጣሪዎች ናቸው። ዝናቡ ከቆመ በኋላም መንገዱን ለተጨማሪ ጊዜ ዘግተው ቢያቆዩት ሕጋዊ ናቸው፤ አስከሬኑን ወደ ምርመራ የሚወስደው መኪና ግን አይንቀሳቀስም።

በሜኒንዲ የወንዙን ዳር ይዤ ስሄድ ስለ ዓሣዎቹ ማሰቤ አልቀረም። ከ2018 ማብቂያ እስከ 2019 መጀመሪያ እጅግ ብዙ ዓሣ በዚሁ ስፍራ ሞቷል፤ በመጋቢት 2023 የሞተው ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። የመጀመሪያው እልቂት አካሄድ ለወንጀል ጸሐፊ ትኩረት የሚስብ ነው። በቆመውና በሞቀው ውኃ ላይ አልጌ ይበዛል፤ ውኃው በሁለት ንብርብር ይከፈልና የታችኛው ኦክስጅን ያጣል፤ አየሩ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ንብርብሮች ይደባለቃሉና ዓሣው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሟቹ ቴክኒሻን ይህን ያውቃል፤ የኦክስጅን መለኪያው ሲወርድ አይቶ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ማስጠንቀቂያው ወንዙ ዝቅ ያለበትን ቀን በትክክል ስለሚመዘግብ ለሌቦቹ ከማንኛውም ክስ ይልቅ የሚያሰጋቸው እርሱ ነው። የግድያው ምክንያት በዚህ ተፈታልኝ፤ የገንዘብ ጠብም ሆነ የድሮ ቂም አላስፈለገኝም።

ጥር

የሰዓት ጉዳይ። ብሮከን ሂል በኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ብትሆንም የምትከተለው የደቡብ አውስትራሊያን ሰዓት ነው፤ ከሲድኒም ከሜኒንዲም በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ትላለች። ከተማዋ ከተማ ሆና ስታድግ የባቡር መስመሯም ንግዷም ከአዴሌድ ጋር ስለነበር ልማዱ በዚያው ጸና። ይህ ለአሊባይ፣ ማለትም «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» ለሚል መከላከያ፣ የተሠራ ስጦታ ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ በግድያው ምሽት ብሮከን ሂል መጠጥ ቤት እንደነበር ይናገራል፤ የደኅንነት ካሜራውም ያሳየዋል። ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ሰዓቱን በራሱ ያስተካክላል፤ የመኪናው ሰዓት ግን አይነካም። መርማሪዋ የሁለቱን ልዩነት ያገኘችው ከነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ላይ ነው፤ የናፍጣው ነገር እዚህም ተመልሶ መጣ።

የአማርኛ አንባቢ ግን ሌላ ሸክም አለበት። እኛ ሰዓትን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ካሜራው 20:00 ሲል ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በሜኒንዲ አቆጣጠር ደግሞ 2 ሰዓት ከ30። አንባቢ ስድስት ሰዓቱንና ግማሽ ሰዓቱን በአንድ ላይ እንዲያሰላ ከተገደደ ፍንጩ በሒሳቡ ውስጥ ይጠፋል። ሦስት አማራጮችን በተከታታይ ረቂቆች ሞከርኩ። ሁሉንም በአገሩ አቆጣጠር መጻፍ ትክክለኛ ቢሆንም ገጸ ባሕርያቱ «በ20 ሰዓት እንገናኝ» ሲባባሉ አማርኛው ይሞታል። ንግግሩን ብቻ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ደግሞ ከካሜራው ሰነድ ጋር ይጋጫል። የመረጥኩት ሰነዶቹንም ጭምር በእኛ አቆጣጠር አስፍሮ፣ የግማሽ ሰዓቱን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ ለመርማሪዋ እንድትነግራት ማድረግን ነው። አንባቢ መረጃው ተሰጥቶታል፤ ቢረሳው ጥፋቱ የእርሱ ነው።

የካቲት

በጥንቃቄ የጻፍኩት ክፍል የሐሰተኛው ተጠርጣሪ ነው። ወንዙን የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ባርኪንጂዎች ባካ ይሉታል፤ የሕዝባቸውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። በ2015 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ወደ 128,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ምድር ላይ ያላቸውን ነባር ይዞታ አጽድቆላቸዋል፤ ነገር ግን የመስኖ ውኃ ፈቃድ በሌላ ገበያ ስለሚሸጥ ወንዙ ሲደርቅ ውሳኔው ውኃ አላመጣላቸውም። ሽማግሌዎችን ጥበብ አፍላቂ፣ ወጣቶችን ዱካ ፈላጊ የሚያደርገው የተለመደ አጻጻፍ ከመጽሐፉ እንዲርቅ ወስኛለሁ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ባርኪንጂ ገጸ ባሕርያት አንዷ የክሊኒክ ነርስ፣ አንዱ የምክር ቤቱ ግሬደር ኦፕሬተር፣ አንዱ ደግሞ የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ አስከሬኑን ወንዝ ዳር ያገኘውና ለፖሊስ የደወለውም እርሱ ነው። የጣቢያው ሳጅን ያስረዋል።

በኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ አንድ የአገሬው ተወላጅ ሲያዝ ፖሊስ ለአቦርጂናል የሕግ አገልግሎት ማሳወቅ አለበት፤ የስልክ መስመሩ ሌሊትም ይሠራል። ግዴታው ሥር የሰደደው በእስር ቤት ስለሚሞቱ ተወላጆች ተጣርቶ በ1991 በቀረበው የሮያል ኮሚሽን ሪፖርት ሲሆን፣ ሪፖርቱ 339 ምክረ ሐሳቦችን ይዟል። ሳጅኑ ይደውላል፤ የደወለው ግን የወጣቱ ቃል ከተቀረጸ በኋላ ነው። መርማሪዋ ማረፊያ ቤቱን መዝገብ ስታገላብጥ የስልኩን ሰዓት ከቀረጻው ሰዓት ጋር ታስተያያለች። በዚህ ትዕይንት ማንም አይጮህም፤ እርሷ መዝገቡን ወደ ሳጅኑ አዙራ ታስቀምጠዋለች፣ እርሱም ሰዓቱን አይቶ «ሌሊቱ ረዥም ነበር» ይላል። ሳጅኑ ሰበብ ከሚደረድርባቸው ረቂቆች ሁሉ ይህ የተሻለ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ እርስ በእርስ በግልጽ የሚተያዩት እዚህ ብቻ ነው።

መጋቢት

ፍጻሜውን ከሁለት አንዱ ማድረግ ነበረብኝ። በአንደኛው ሁሉም ይጋለጣሉ፣ ይታሰራሉ፤ ይህ የቴሌቪዥን ፍጻሜ ነው። የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። ሥራ አስኪያጁ በግድያው ይከሰሳል፤ የሳጅኑ ጉዳይ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን በመሬትና አካባቢ ፍርድ ቤት ስለ ውኃው ብቻ ተጠይቆ መቀጮ ከፍሎ ይወጣል። የነርሷ እህት በጥጥ ማጣሪያው ሥራዋን ታጣለች። መርማሪዋ ለዚያች ሴት የምትለው ነገር የላትም፤ የምትለው ነገር እንዲኖራት የሚያደርጉ ሦስት ገጾችን ሰርዣለሁ።

የናፍጣውን ምዕራፍ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ላይ ለብዙ ዓመታት ፓምፕ ላንቀሳቀሱ አንድ አባት ላክሁላቸው። አንብበው የጠየቁኝ ስለ መርማሪዋም ስለ ገዳዩም አልነበረም፦ «ልጄ፣ ውኃው ስንት ሜትር ሽቅብ ነው የሚወጣው?» አሉኝ። የናፍጣ ፍጆታ ከሚቀዳው ውኃ መጠን በተጨማሪ በሚወጣበት ከፍታ ስለሚወሰን፣ ወንዙ ሲጎድል ፓምፑ ለዚያው ውኃ ተጨማሪ ነዳጅ ይበላል። ይህ የዐቃቤ ሕጉን ስሌት ይበልጥ ያጠነክረዋል፤ ወንዙ ዝቅ ባለበት ሳምንት የተገዛው ናፍጣ ወንዙ ሞልቶ በነበረበት ሳምንት ለተቀዳው እኩል ውኃ ከተገዛው ይበልጣል፣ ልዩነቱም ቀኑን ያጋልጣል። እንግዲህ የወንዙን ገደል ከፍታ በስድስተኛው ምዕራፍ መርማሪዋ ወደ ውኃው ስትወርድ ማስገባትና የባለሙያ ምስክርነቱን እንደ ገና መጻፍ ይጠበቅብኛል። ሁለቱን ጨርሼ ረቂቁን ለአርታኢው እልካለሁ።